«ዲዛይን አልተማርኩም» ላልሽኝ

ከጎንደር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

በታሪክ ተመርቀሽ በአንድ ቤተ መጻሕፍት በኮንትራት ትሠሪያለሽ። አለቃሽ ለጥምቀት እንግዶች የቆዩ ሰነዶች አውደ ርዕይ አዘጋጂ ብሎሻል። አንቺ «ዲዛይን አልተማርኩም፣ ይቅርብኝ ልበል?» ብለሻል። ወንድምሽ ደግሞ «አሮጌ ወረቀት እንጀራ አይሆንም፣ የባንክ ፈተና ተፈተኚ» ይልሻል። ማስተርስ ልጀምር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ይቅርብኝ እንዳትዪ። ከባዱ ሥራ የትኛው ሰነድ ለእይታ እንደማይወጣ መወሰን ነው፤ እሱን ደግሞ ታሪክ የተማረ ሰው ይችለዋል። ቀለሙንና ጠረጴዛውን የሚያግዝሽ አናጺም ማተሚያ ቤትም አይጠፋም።

ጎንደር ላይ ሁሉም ከብራና መጽሐፍ የሚገልጠው ሥዕል ያለበትን ገጽ ነው። እኔ ብሆን ኅዳጉን፣ የገጹን ባዶ ጠርዝ፣ እገልጣለሁ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ የጉልትና የውርስ ነገር ከነምስክሮቹ ስም በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የውል ማዋዋያም ነበር ማለት ነው። ለይዞታ ማረጋገጫ የተመላለሰ ሰው እዚያ ገጽ ፊት ቆሞ ይቀራል። መጽሐፉን ግን ከዕቃ ቤት አውጡልኝ አትበይ። አስተዳዳሪውን አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺና በትልቁ አሳትሚ።

የራሳችሁን ብራና ካወጣችሁ መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አይለፍ፣ ከመስኮትም ይራቅ። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ሲልበት ይጣመማል።

መግቢያው ላይ ምን ልጻፍ ላልሽው፣ በፋሲል ግቢ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ቆሟል። አይቶት የወጣ ሰው «መጻሕፍትስ የት ሄዱ?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ጀምሪ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ብዙ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል። መግለጫውን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው። የጥምቀት እንግዳ ሁሉ ፈረንጅ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መዝግቢ። እኔም ከካታሎግ ክፍል ነው የወጣሁት። የእያንዳንዱን ሰነድ መጠን፣ የቅጠል ብዛት፣ የጉዳት ሁኔታ፣ ከማን እንደተገኘ ከነፎቶው ያዢ። አውደ ርዕዩ ይፈርሳል፣ መዝገቡ ይቀራል። ነገ ለቀጣሪ የምታሳዪው እሱን ነው።

ወንድምሽ የቤት ኪራይ ይከፍልልሻል፣ ይመስገን። ኪራይ መክፈል ግን ሙያ ለመምረጥ ሥልጣን አይሰጠውም። ባንክስ ቢሆን ለታሪክ ምሩቅ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል እንዴ? ፈተናው ሲወጣ ተፈተኚ፣ የሚከለክልሽ የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ ምን ይከፈልሻል? ኮንትራትሽስ ይታደሳል? ሳትጀምሪ በጽሑፍ ጠይቂ። «ልምድ ታገኚበታለሽ» ብለው ካለፉሽ ቢያንስ ስምሽ «አዘጋጅ» ተብሎ ይውጣ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ይስጡሽ።

ማስተርሱ ይቆይ። መዝገቡን በኤክሴል ስትጀምሪ የመጀመሪያውን ገጽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።