ከቁልቢ መልስ ማክሰኞ ምን ትሠራላችሁ?

ሰላም ልጆች። ድሬዳዋ ላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሰነባብቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም ሲስተር ነው የምባለው፤ ግፊቱን የሚያስለካም፣ የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብብም በሬን ያንኳኳል። ሰሞኑን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጥተው "ችግረኛ መርዳት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?" አሉኝ። መልሴ ስለረዘመ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስትወጡ በመንገዱ ዳር የተቀመጡትን ነዳያን ታያላችሁ። የዛን ቀን የማይመጸውት የለም። ደስ ይላል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን በዓል ሰጪ አጥቶ አያውቅም፤ የሚከብደው ተራው ማክሰኞ ነው። ማቴዎስ 25ን እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ። አንዱም ዲግሪ አይፈልግም፣ ብዙ ብርም አይፈልግም። ጊዜ ግን ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ከወጣቶች ጋር ገንደ ቆሬ፣ ስትሮክ የመታቸው አባት ቤት ሄድን። ልጆቹ ፓስታ፣ ዘይትና ሳሙና ይዘዋል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፣ ውስጡ ምጣድ ሆኗል። ሰውየው ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ብቻቸውን ነው የሚውሉት፣ ታዲያ ፓስታውን ማን ይቀቅልላቸው? ሁላችንም ቆመን ስንተያይ አንዷ ልጅ ጠጋ ብላ "አባባ፣ ምን ላድርግልዎ?" ስትላቸው በደህናው እጃቸው ጺማቸውን ነካ አደረጉ። ምላጭ ተገዛ፣ ውሃ ቀረበ፣ ተላጩ፣ ጥፍራቸውም ተቆረጠ። ከዛ መስታወት አምጡ አሉ። ዘይቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ስለዚህ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

አልጋ የያዘ ሰው ቤት ከገባችሁ ደግሞ የሙያዬን ልንገራችሁ። መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል፤ ያ ቁስል ከመጣ መዳኑ አበሳ ነው። እናንተ ተራ ገብታችሁ ብታገላብጡ የምታስታምመው ልጅ ትንሽ ትተኛለች። ስታጎርሱት ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ተጋድሞ የሚበላ ትን ይለዋል። ያረጀ ሰው ደግሞ ጥሙ ብዙም አይሰማውም። ሐኪም ካልከለከለው በቀር በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠይቃችሁ አጠጡት።

በርሜሉንም አትርሱ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው ትንኝ የሚያስተላልፈው በሽታ ድሬን አልጋ ላይ ሲጥላት፣ መገጣጠሚያው ተይዞ እንደ ሽማግሌ የሚያነክስ ጎረምሳ ሁሉ አይተናል። ትንኟ የምትራባው ውሃ ሲጠፋ ብለን በምናጠራቅመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሏ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ በየሳምንቱ መፈተግና መክደን ያስፈልጋል። ወገባቸውን የሚያማቸው እማማ ይህን ብቻቸውን አይችሉትም። እናንተ ግን ትችላላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የምትረዱትን ሰው ሃይማኖት አትጠይቁ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ አልመረጠም። የድሬ ሰውም በእርዳታው አልለየም። ዳቦ ይዞ ስብከት ማስከተል ለእኔ ንግድ ነው። ለምን እንደመጣችሁ ከጠየቋችሁ ንገሯቸው፣ ካልጠየቋችሁም ሥራችሁን ሥሩ።

ፎቶውንስ? አቦ፣ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት! ነጠላ ለብሶ አንድ ሊትር ዘይት ለአራት ይዞ መነሳት በጣም ያናድደኛል፣ አልደብቃችሁም። ያቺ እናት እድር ውስጥ የምትከበር ሰው ናት፣ ልጇም ክፍል ውስጥ ጓደኞች አሉት። ቤት ውስጥ ያያችሁትና የሰማችሁት በሽታም እዛው ይቅር። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት አይታችሁ ለጓደኛ ሹክ ካላችሁ ሰውየው መድኃኒቱን መደበቅ ይጀምራል፣ ከዛም ማቋረጥ ይመጣል።

ለብቻ አትሂዱ፣ ሁለት ሁኑ። የተዋጣውን ብር አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ። ሕፃናት ያሉበት ቤት ደግሞ በር ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ለልጆቹም ለእናንተም ይበጃል።

ሌላው ቀን መቁረጥ ነው። አሥር ቤት አታብዙ፣ አንድ ቤት ይበቃል። ማክሰኞ እመጣለሁ ካላችሁ ማክሰኞ ሂዱ፤ ቤት የዋለ ሰው ያን ቀን እየቆጠረ ነው የሚጠብቃችሁ። ፈተና ከደረሰባችሁ ወይም ከደከማችሁ መናገር ነውር የለውም፣ ዋዜማውን ደውላችሁ ጓደኛችሁን ላኩ። ብቻ ጓደኛችሁ ከመሄዱ በፊት በየትኛው ጎናቸው መተኛት እንደሚያማቸው ንገሩት።