ቅርጽን በማውስ መያዝ፣ መጎተትና መምረጥ በጃቫ ስዊንግ፦ ክፍት የጥያቄና መልስ ጊዜ

መልስ ሰጪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የሠራሁት በሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ቅርጽን በማውስ መያዝና መጎተት የዕለት እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራችሁን በስዊንግ (በጃቫ የመስኮት ፕሮግራም መሥሪያ) ስለምትሠሩ ዛሬ በእሱ ላይ እንቆያለን። ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማውሱን በሚያዳምጠው ሜተድ (ስም ያለው የኮድ ክፍል) ውስጥ ምንም ነገር አትሳሉ። እዚያ መረጃውን ትቀይራላችሁ፣ እንደገና ይሳል የሚለውን ሪፔይንትን ትጠራላችሁ፣ አለቀ። ሥዕል የሚሳለው ስዊንግ መሳል ባስፈለገው ቁጥር በሚጠራው ሜተድ፣ በፔይንትኮምፖነንት ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ጅማ)፦ መምህር፣ ፓነል (የስዊንግ መሳያ ሰሌዳ) ላይ ክብ ስያለሁ። ሰው ክቡ ላይ ሲጫን ብቻ መልስ እንዲሰጥ እፈልጋለሁ። ለክቡ ማውስሊስነር (የማውስ አዳማጭ) የምጨምረው እንዴት ነው?

መልስ፦ ለክቡ ልትጨምርለት አትችልም፤ ስክሪኑ ላይ ክብ የሚባል ነገር የለምና። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ቀለም የተቀባ ፒክስል ብቻ ነው። ክቡ የሚኖረው አንተ በያዝከው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ካልያዝከው የትም የለም። ማውሱ ደግሞ የሚያመጣልህ ሁለት ቁጥር ነው፤ ኤክስና ዋይ። ይህ ነጥብ የማን እንደሆነ ዝርዝሩን መጠየቅ የአንተ ሥራ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ኤምአይቲ ባቀረበው ስኬችፓድ ላይ ተጠቃሚው የሚይዘው የብርሃን ብዕር ነበር። ብዕሩ ስክሪኑ ላይ የምትበራውን ነጥብ ራሱ ያያል፤ ኮምፒውተሩም በዚያች ቅጽበት የትኛውን መስመር እየሳለ እንደነበረ ስለሚያውቅ የተነካውን ወዲያው ይለያል። ዳግላስ ኤንገልባርት በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ያሳየው ማውስ ግን ዓይን የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ይናገራል። ፍለጋው ወደ እኛ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም የዚህን ሙያ ውበት የማየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ቅርጾችህን በአሬይሊስት (በጃቫ ዝርዝር) ያዝ። ስትስል ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሂድ፤ ስትፈልግ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመለስ። በመጨረሻ የተሳለው ከላይ ስለሚሆን ሰው የሚያየውና የሚነካውም እሱን ነው። የመጀመሪያው "አዎ" ያለህ ጋ ቁም። ክቡንም ነጥቡ ውስጡ መሆኑን በሚናገረው በኤሊፕስ ቱዲ ኮንቴይንስ ፈትነው እንጂ በከበበው አራት ማዕዘን አትፈትነው፤ ከአራት ማዕዘኑ ስፋት 21 በመቶ ያህሉ ክቡ የማይደርስበት ጥግ ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሐዋሳ)፦ ስጫን ክቡ ይሳላል፤ መስኮቱን አሳንሼ መልሼ ስከፍተው ግን ይጠፋል።

መልስ፦ ማውስፕረስድ (ቁልፉ ሲጫን የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ፣ መሳያውን በቀጥታ በሚሰጠው በጌትግራፊክስ ስለህ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከላይ አንብብ።

ጥያቄ (ጀማሪ ፕሮግራመር፣ አዲስ አበባ)፦ ሳጥኑን ለመጎተት ስይዘው ዘሎ የላይኛው ግራ ጥጉ ማውሱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በፍጥነት ስጎትትም ከእጄ ያመልጣል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በውስጡ ሁለት ችግር አለ።

ዝላዩ የሚመጣው ሳጥኑን የት ላይ እንደያዝሽው ስላልመዘገብሽ ነው። ሳጥኑ 200 እና 150 ላይ ቢሆን፣ አንቺ ደግሞ 230 እና 165 ላይ ብትጫኚ ልዩነቱ 30 እና 15 ነው። ማውስፕረስድ ውስጥ ይህን ልዩነት ያዢው፤ ማውስድራግድ (ሲጎተት የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ ከማውሱ ቦታ ላይ ቀንሺው፤ የተገኘው የሳጥኑ አዲስ ቦታ ነው። በየእንቅስቃሴው ትንሽ ትንሽ እየደመሩ መሄድም የሚቻል ይመስላል፤ አታድርጊው። ነገ ቅርጹ በ10 ፒክስል ፍርግርግ ላይ እንዲቀመጥ ስትፈልጊ፣ ማውሱ በየጊዜው 3 ፒክስል ብቻ ከሄደ ሳጥኑ እያንዳንዷን ጭማሪ ወደ ነበረበት እያጠጋጋ ፈጽሞ አይነቃነቅም። ሁልጊዜ ከመነሻው አስቢ።

ማምለጡ ደግሞ ማውስድራግድ ውስጥ እንደገና ስለምትፈልጊ ነው። ማውሱ በሁለት ኢቨንት (የማውስ መልእክት) መካከል ከሳጥኑ ውጭ ሊዘል ይችላል። ፍለጋ የሚደረገው አንድ ጊዜ፣ ሲጫን ነው። የተያዘውን በአንድ ተለዋዋጭ አስቀምጪ፤ ማውስሪሊስድ (ቁልፉ ሲለቀቅ የሚጠራው ሜተድ) ላይ ባዶ አድርጊው። ስዊንግ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ፣ ማውሱ ከፓነሉ ቢወጣ እንኳ፣ የመጎተቱን ኢቨንት ለተጫነው ፓነል መላኩን አያቋርጥም። በሲ ቋንቋ ለዊንዶውስ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው ይህን ለማግኘት ሴትካፕቸርን መጥራት ግድ ይለዋል።

ጥያቄ (ስም ያልጻፈ)፦ የእኔም ማውስ አይሠራም። እርዱኝ።

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ሜተድ ነው የማይጠራው? ፓነሉ ውስጥ ምን አለ? ይህን ጻፍና ተመለስ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)፦ ማውስክሊክድ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል።

መልስ፦ ማውስክሊክድን ለቅርጽ መምረጫ አትጠቀሙበት። በመጫንና በመልቀቅ መካከል እጅ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ኢቨንቱ ላይመጣ ይችላል፤ የሰው እጅ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ፕረስድና ሪሊስድን ይዘህ ርቀቱን ራስህ ለካ። ከመነሻው 4 ወይም 5 ፒክስል እስካላለፈ ድረስ ክሊክ ነው፤ ካለፈ መጎተት ነው። ዊንዶውስ በተለምዶ 4 ፒክስል ይጠቀማል፤ የኪውት (የሌላው የመስኮት ፕሮግራም መሥሪያ) መነሻ ግን 10 ነው።

አባል ሀ (ሪያድ)፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ጃቫኤፍኤክስ (ሌላው የጃቫ የመስኮት ፕሮግራም መሥሪያ) ይገላግላችኋል። እዚያ ክቡ ራሱ ማውሱን ይሰማል። በዚህ ዘመን በስዊንግ መሠቃየት ለምን?

አባል ለ (መቀሌ)፦ ጃቫኤፍኤክስ ከጃቫ 11 ጀምሮ ከጄዲኬው (ከጃቫ መሥሪያ ጥቅሉ) ወጥቷል። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኢንተርኔት በሌለበት ለብቻው አውርደን መጫን አንችልም።

አባል ሀ፦ አንድ ጊዜ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው እንጂ ምን ያዳግታል?

አባል ለ፦ ኮምፒውተሩ ላይ ፕሮግራም የመጫን ፈቃድ ለተማሪ የሚሰጥ ቤተ ሙከራ ካለ አሳየኝና ነገ እሄዳለሁ።

መልስ ሰጪ፦ ወንድሞቼ፣ ይብቃ። ጃቫኤፍኤክስ ፍለጋውን ይሠራላችኋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ፒክስል ቅጥነት ያለው መስመር ስታስቀምጡ እዚያም ተጠቃሚው መስመሩን መንካት ያቅተዋል፤ ሰዉም የማይታይ ወፍራም መስመር ከላይ ይደርብበታል። መሠረቱን ያወቀ በሁለቱም ይሠራል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ጎንደር)፦ በሁለት ሳጥን መካከል ያለውን መስመር መምረጥ አልቻልኩም። ኮንቴይንስ ሁልጊዜ ውሸት ይመልሳል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ላይን ቱዲ (የጃቫ ቀጥታ መስመር) ስፋት ስለሌለው ኮንቴይንሱ ሁልጊዜ ውሸት እንዲመልስ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚያስፈልግህ ርቀት ነው፤ ነጥቡ ከመስመሩ ከ5 ፒክስል ካልራቀ ተነክቷል በል። እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሜተዶች አሉና ተጠንቀቅ። ፒቲላይንዲስት መስመሩን ጫፍ እንደሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በእሱ ብትለካ ከሳጥኑ ማዶ፣ ማንም በሌለበት ባዶ ቦታ ስትጫን መስመሩ ይመረጣል። ትክክለኛው ፒቲሴግዲስት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻ ይለካል።

የታጠፈ መስመር ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ክፍት ፓዝ (ጫፎቹ ያልተገናኙ መስመር) ላይ ኮንቴይንስን ስትጠራ ጃቫ ሁለቱን ጫፎች በሐሳቡ አገናኝቶ ውስጡን እንደተሞላ ያያል። ተጠቃሚው በቅስቱ ሆድ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲጫን ቅስቱ ይመረጣል ማለት ነው። መፍትሔው የመስመር ውፍረት የሚወስነውን ቤዚክስትሮክን በ10 ውፍረት ፈጥረህ ክሪኤትስትሮክድሼፕ የሚመልሰውን ቅርጽ መፈተን ነው። ይህ የማይሳል፣ ለመንካት ብቻ የሚያገለግል ወፍራም ቅርጽ ነው።

ጥያቄ (ፕሮግራመር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ማጉያ ከጨመርኩ በኋላ ምርጫው ሁሉ ተዛነፈ። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ የምጫነው ግን ሌላ ቦታ ነው።

መልስ፦ ምክንያቱም ስትስል ቅርጹን አጉልተሃል፤ ማውሱ ግን በፓነሉ ልኬት ነው የሚናገረው። በአፋይንትራንስፎርም (ማጉላቱን በሚይዘው) ከሳልክ የማውሱን ነጥብ በኢንቨርስትራንስፎርም (በተቃራኒው ስሌት) ወደ ቅርጾቹ ዓለም መልሰው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፈልግ። ይህን በአንድ ሜተድ ጻፈውና ፕረስድም ድራግድም በእሱ በኩል ይለፉ። አንዱ ቦታ ላይ ረስተኸው ሌላው ቦታ ላይ ካስታወስክ ስሕተቱን ለማግኘት ቀናት ይወስድብሃል።

የመንኪያ ርቀቱንም አትርሳ። 5 ፒክስል የምንለው በተጠቃሚው ዓይን ነው። 4 እጥፍ ሲጎላ በቅርጾቹ ዓለም 1.25 ይሆናል፤ ስለዚህ 5ን በማጉያው አካፍል። ያለዚያ ሲጎላ ሩቅ ያለው መስመር ይመረጣል፣ ሲያንስ ደግሞ ምንም አይያዝም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፔይንትኮምፖነንት ውስጥ ሴትትራንስፎርምን አትጠቀም። ከጃቫ 9 ጀምሮ ስክሪኑ በ150 በመቶ ሲስተካከል ያ ማጉላት በግራፊክሱ ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ ነው የሚመጣልህ። ሴትትራንስፎርም ያንን ደምስሶ የአንተን ብቻ ያስቀምጣል፤ በአንተ ኮምፒውተር ላይ የሠራው በደንበኛው ላፕቶፕ ላይ ይዛነፋል። በትራንስፎርም ላዩ ላይ ጨምርበት እንጂ አትተካው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ድሬዳዋ)፦ የሳልኩት መስመር መስኮቱን ስዘረጋው ይጠፋል፤ ለምን?

መልስ፦ ተመልሷል፤ ለሐዋሳው ተማሪ። ማውሱ ሜተድ ውስጥ አትሳሉ። እባካችሁ የተጻፈውን እያነበባችሁ ጠይቁ፤ ለሌሎቹ ጊዜ እንዲተርፍ ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አዳማ)፦ በአማርኛ የጻፍኩትን ስም በማውስ ለመምረጥ አራት ማዕዘን ሠርቼለታለሁ። ከፊደሉ ሥር ስጫን ይመረጣል፣ ፊደሉ ላይ ስጫን አይመረጥም።

መልስ፦ ድሮውስትሪንግ ላይ የሰጠሽው ዋይ ፊደሎቹ የሚቆሙበት መስመር ነው እንጂ የላይኛው ጫፍ አይደለም። አራት ማዕዘንሽ ከዚያ ወደ ታች ተዘርግቷል። ከፎንትሜትሪክስ (ከፊደል መለኪያው) አሰንትን፣ ማለትም ከዚያ መስመር በላይ ያለውን ቁመት፣ ወስደሽ ከዋዩ ላይ ቀንሺ፤ መነሻሽ እሱ ነው። ስፋቱንም በፊደል ብዛት አታስሊ፤ "ጨ" እና "ር" እኩል ቦታ አይዙም። ስትሪንግዊድዝ ትክክለኛውን ይነግርሻል።

አባል ሐ (ቴል አቪቭ)፦ ምርጫ መደረግ ያለበት ሲጫን ነው ወይስ ሲለቀቅ? እኔ ሲለቀቅ ነው እላለሁ፤ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

አባል ሀ (ሪያድ)፦ በፍጹም። ሲጫን ካልተመረጠ ፕሮግራሙ የተኛ ይመስላል።

አባል ሐ፦ አምስት ቅርጽ መርጠህ በአንድነት ልትጎትት አንዱን ስትጫንስ? ሲጫን ከሆነ የሌሎቹ አራት ምርጫ ይጠፋል።

መልስ ሰጪ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። የተጫነው ቅርጽ ያልተመረጠ ከሆነ ወዲያው ሲጫን ምረጡት። አስቀድሞ ከተመረጡት አንዱ ከሆነ ግን ምንም አታድርጉ፤ ጠብቁ። ከተጎተተ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ፤ ሳይጎተት ከተለቀቀ ያን ጊዜ ሌሎቹን ትታችሁ እሱን ብቻ ምረጡ። ጥሩ የሥዕል ፕሮግራም ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ብትሞክሩት ይህንኑ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አምቦ)፦ በቀኝ ቁልፍ የሚወጣው ዝርዝር ዊንዶውስ ላይ አይመጣም፤ ሊኑክስ ላይ ይመጣል።

መልስ፦ ይህ ዝርዝሩን የሚያወጣው ቁልፍ ነው ወይ የሚለውን ኢዝፖፕአፕትሪገርን በፕረስድም በሪሊስድም ጠይቅ። ዊንዶውስ ሲለቀቅ፣ ሊኑክስና ማክ ሲጫን ነው "አዎ" የሚሉት።

ጥያቄ (ፕሮግራመር፣ አዲስ አበባ)፦ 500 ያህል ቅርጽ አለኝ። ፍለጋውን ለማፍጠን ኳድትሪ (ቦታውን እየከፋፈለ የሚፈልግ ዘዴ) ልጻፍ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ለ500 ቅርጽ ተራ ዙር ይበቃል። ቀድመህ በአራት ማዕዘኑ ፈትን፤ ያለፈውን ብቻ በትክክለኛው ቅርጹ ፈትን።

አባል ለ (መቀሌ)፦ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ቀለም ሰጥቶ በማይታይ ምስል ላይ መሳልና የተጫነውን ፒክስል ቀለም ማንበብስ?

መልስ፦ ይሠራል፤ ለተወሳሰበ ቅርጽም እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ምስል ላይ አንቲኤልያሲንግን (ጠርዝ ማለስለሻውን) አጥፋ። ካልጠፋ በጠርዝ ላይ ሁለት ቀለም ተቀላቅሎ የሌላ ቅርጽ መለያ ይሆንብሃል።

ጥያቄ (በጣት ስለሚነካ ስክሪን)፦ ለስልክስ?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

ጥያቄ (ስም ያልጻፈው፣ ተመልሶ)፦ ማውስፕረስድ ነው የማይጠራው። ፓነሉ ውስጥ ጄሌብሎች (የጽሑፍ ማሳያዎች) አሉ። ባዶ ቦታ ላይ ስጫን ይሠራል፤ ሌብል ላይ ስጫን አይሠራም። አንዳንዱ ሌብል ላይ ግን ይሠራል።

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። የማይሠራባቸው ሌብሎች ቱልቲፕ (ማውስ ሲያርፍበት የሚወጣ ማብራሪያ) የሰጠሃቸው ናቸው፤ ሄደህ አረጋግጥ። ቱልቲፕ ስትሰጥ ስዊንግ በሌብሉ ላይ የራሱን የማውስ አዳማጭ ይጨምራል፤ አዳማጭ ያለው ሌብል ደግሞ ኢቨንቱን ለራሱ ያስቀራል፤ ፓነሉ ጋ አይደርስም። ቱልቲፑን ከሌብሎቹ አንሳ። ፓነሉን ቱልቲፕማኔጀር ላይ አስመዝግብና ጌትቱልቲፕቴክስትን እንደገና ጽፈህ ማውሱ ባለበት ነጥብ መሠረት ጽሑፉን መልስ። ነጥቡ የማን እንደሆነ የምትለይበትን ያንኑ የፍለጋ ሜተድ እዚህም ጥራው።