ሄምፕ የሚዘፈዘፈው ቃጫ የማይዘፈዘፈው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያሉት አያትህ ቃጫውን ሳይዘፈዝፉ ፍቀው ሲያወጡት፣ ሄምፕ የሚባለው የክር ተክል ግን ለምን ቀናት ውኃ ውስጥ እንደሚያድር ጠይቀሃል። የቃጫ ክሩ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ እርጥቡን ሲፍቁት ሥጋው ይለቃል። የሄምፕ ግን ግንዱ ላይ፣ ልጡ ውስጥ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀው ፔክቲን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር አለ። ሲዘፈዘፍ ያንን ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፦ ጊዜው ካለፈ ክሩ ራሱ ይበሰብሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ቀን አትቁጠር፤ በየቀኑ አንድ አገዳ እያወጣህ ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ ይላቀቅ እንደሆነ ሞክር። ከዚያ ይደርቃል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይበጠራል።

ሄምፕ በሸማኔ ዕቃ ይሠራል ወይ ላልከው፣ ቀጥኖ ከተፈተለ አዎ። ሲፈተል ጣትን ውኃ እያስነኩ ነው፤ አለበለዚያ ክሩ ይንጨባረራል። እንደ ጥጥ ስለማይለጠጥ ለመጀመሪያው ድሩን ጥጥ፣ ማጉን ብቻ ሄምፕ አድርገው። ቃጫን ግን ለሸማ አትሞክረው፤ ደረቅ ነው፣ ለገመድ ይሁን።

አደራ፣ የሄምፕ ዘር እንዳትዘራ፤ ተክሉ ካናቢስ ስለሆነ አገራችን ውስጥ ማብቀሉ በሕግ ያስጠይቃል። የተዘጋጀውን ክር ፈልግ።