ጎብሊኖቹ ምን ይፈልጋሉ?

ጓደኞቻችሁን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባችሁ ጌም ማስተር (ታሪኩን የሚተርክ፣ ጠላቶቹንም የሚያንቀሳቅስ) ሆናችሁ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ማጫወት ለጀመራችሁ ልጆች፣

ውጊያ ለማዘጋጀት ስትቀመጡ ሁላችሁም የምትጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ስንት ጎብሊን (ትንሽ የተረት ጭራቅ) ላድርግ?» እኔም ሌሎች የሚያጫውቱትን ጀብዱ እየጻፍኩ መተዳደር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ለዓመታት የምነሳው ከዚሁ ነበር። ጥያቄው ልክ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። የሚቀድመው «ጎብሊኖቹ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ምንስ ይፈልጋሉ?» የሚለው ነው።

ይህን ብትረሱት አይገርመኝም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የምንጫወተውን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ መነሻቸው በትንንሽ የወታደር ቅርጾች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። ስለዚህ የደንቡ መጽሐፍ ስለ መምታትና ስለ መቁሰል ብዙ ገጽ አለው፤ የጠላትን ፍላጎት የመፍጠሩን ሥራ ግን ለእናንተ ይተዋል።

ቢሆንም ቁጥሩን ንቃችሁ አትለፉት። ቁጥሩን ያላወቀ ጌም ማስተር ሳያስበው ገጸ ባሕርይ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም አንድ ምሳሌ ልሥራላችሁ። 4 ተጫዋቾች አሉ እንበል። ሲያጠቁ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 5 ይደምራሉ፤ ካገኙ ባለ 8 ገጹን ጥለው 3 ይጨምራሉ፤ የጉዳቱ አማካይ 7.5 ይሆናል። ፊታቸው አንድ ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) አቁሙ፦ የሕይወት ነጥቡ 59፣ የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም የአጥቂው ድምር ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 11። ዳይሱ 6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ይመቱታል። አራቱ በአንድ ዙር 22 ያህል ያደርሱበታል፤ በሦስተኛው ዙር ይወድቃል። እሱ በበኩሉ ሲያገኝ በአማካይ 13 ያደርሳል፤ የመከላከያ ቁጥሩ 16 የሆነን ሰው የሚያገኘው ግን ከ20 በ11 ዕድል ስለሆነ በዙር ወደ 7 ይወርዳል።

አሁን ኦገሩን አንሱና 8 ጎብሊን አስገቡ። እያንዳንዱ 7 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ሲደመር 56። በወረቀት ላይ ከኦገሩ ጋር እኩል ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር 8 ቀስት ይወረወራል፤ ያንኑ 16 የመከላከያ ቁጥር ሲገጥሙ የስምንቱ አማካይ ድምር ጉዳት 20 ያህል ነው፤ ከኦገሩ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። የሕይወት ነጥቡ ያው ሆኖ ተራው ስለበዛ ብቻ! የ2014ቱ መጽሐፍም ይህን ያውቃል፤ የውጊያውን ክብደት ስትገምቱ ጠላቶቹ ከ3 እስከ 6 ከሆኑ የልምድ ነጥባቸውን (ለማሸነፋቸው የሚሰጠውን እንጂ የሕይወት ነጥባቸውን አይደለም) በ2፣ ከ7 እስከ 10 ከሆኑ በ2.5 አባዙት ይላል።

ከዚህ በታች ያለው ልዩነት ግን ስሌት ብቻ አይደለም፤ የውጊያው ጠባይ ነው። ጎብሊኖች አንድ በአንድ ሲወድቁ ጉዳታቸውም አብሮ ይወድቃል። ኦገር ግን 59 ነጥብ ሲኖረውም 1 ሲቀረውም ዱላው ያው ነው። ስለዚህ የብዙ ትንንሾች ውጊያ መጀመሪያው አስፈሪ፣ መጨረሻው ቀላል ይሆናል፤ የአንድ ትልቅ ውጊያ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ያስጨንቃል። ገና ጀማሪ የሆኑ ገጸ ባሕርያት የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ስምንቱ ሁሉ በአንዴ በሚተኩሱበት በመጀመሪያው ዙር ነው። አራቱን አሁን፣ አራቱን በሁለተኛው ዙር ከዛፉ ጀርባ አምጡ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ነፍስ ታተርፋለች።

ብቻውን የሚቆም ትልቅ ጠላትም በዚሁ ምክንያት ይጎዳል። አራት ሰው አራት ተራ ሲኖረው እሱ አንድ ብቻ ነው ያለው። አጃቢ ስጡት።

ወደ ፍላጎቱ ልመለስ። አንድ ጊዜ ጠባብ የገመድ ድልድይ ላይ የሚካሄድ ውጊያ አዘጋጅቼ ነበር። ማዶ ስድስት ጎብሊኖች አሉ፤ ከኋላቸው ግንድ ላይ ትንሽ ደወል ተሰቅሏል፤ ሰፈራቸው ኮረብታው ላይ ነው። የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ጎብሊኖቹ ማሸነፍ አይፈልጉም። ደወሉ ተሰምቶ ሰዎቻቸው እስኪመጡ ድልድዩን መያዝ ነው የሚፈልጉት።» ከዚህ በኋላ እነሱን ማንቀሳቀስ ቀላል ሆነልኝ። አምስቱ ጋሻ ገጥመው ቆሙ፤ ስድስተኛው ወደ ደወሉ ሮጠ።

አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ 6 የሕይወት ነጥብ ነበር የቀራት። ሌሎቹ ድልድዩ መሃል ላይ ይታገላሉ። ዳይሷን ልታነሳ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። «ደወሉ ምላስ አለው?» አለችኝ። «አለው» አልኩ። ምንም የማታስወጣ፣ በ30 ጫማ ርቀት ውስጥ ተንሳፋፊ እጅ የምትፈጥር ትንሽ አስማት ነበረቻት። ሕጉ ያ እጅ ማጥቃት አይችልም ይላል፤ ነገር መያዝ ግን ይችላል። እጁ የደወሉን ምላስ ጨበጠ። ጎብሊኑ ገመዱን ሳበ፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ሳበ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጩኸቱ! ጋሻ የገጠሙት አምስቱ ዞረው ሲያዩ ደወሉ ዝም ብሏል፤ እርዳታ እንደማይመጣ ገባቸውና ሸሹ። የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ያንን መፍትሔ እኔ አልጻፍኩትም፤ ባስበውም አልደርስበትም ነበር። እኔ የጻፍኩት ደወሉን፣ ገመዱንና የጎብሊኖቹን ፍላጎት ነው። ጠላት አንድ ነገር ሲፈልግ ተጫዋች ያንን ነገር መንካት፣ መከልከል፣ መስረቅ ወይም መደራደሪያ ማድረግ ይችላል። ጠላት የሚፈልገው መግደል ብቻ ከሆነ ለተጫዋቹ የሚቀረው መምታት ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ዙር ስልኩን ማየት ይጀምራል። እሱን አትቆጡት።

ጎብሊኖቹ መሸሻቸው የቆየ ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የጀማሪዎች ደንብ ለየፍጡሩ የሞራል ቁጥር ነበረው፤ ከወገናቸው የመጀመሪያው ሲሞትና ደግሞ ግማሹ ሲወድቅ ጌም ማስተሩ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ ከሞራሉ ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። በአምስተኛው እትም አማራጭ ሕግ ሆኖ ቀርቷል። እኔ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። እስከ መጨረሻው የሚፋለም ሽፍታ አላምንም፤ እናንተም አታምኑት።

ስለ ቦታው አጭር ልበል፦ ሜዳ ላይ አታዋጉ። የሚደበቁበት፣ የሚወድቁበትና የሚነካ ነገር ይኑር፤ ሦስት ነገር ይበቃል።

ስለ ድካምም እንዲሁ። የ2014ቱ መጽሐፍ የተሠራው ገጸ ባሕርያት በሁለት ረጅም ዕረፍቶች (ተኝተው ኃይላቸውን በሚያድሱባቸው) መሃል ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ እንዲገጥማቸው ታስቦ ነው። እናንተ በቀን አንድ ብቻ ካደረጋችሁ አስማተኛው ያለውን ሁሉ በአንዴ ያፈሳል፤ እናንተም «ጭራቄ ደካማ ነው» ብላችሁ ነጥብ ትጨምሩበታላችሁ። ጭራቁ ደካማ አልነበረም። ዕረፍቱን ነበር ማሳነስ።

የመጨረሻው የሚከብደኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ድራጎን ሁሉንም ሊጨርሳቸው ሲል ዳይሴን ከተጫዋቾች ከምደብቅበት መከለያ ጀርባ ዳይሱ 18 አሳይቶኝ «ስቷል» አልኩ። ለእነሱ አስቤ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ግን አየው። ምንም አልተናገረም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ዳይሱን ሲጥል አያየውም ነበር፤ ጥሎ ወደ እኔ ፊት ነው የሚያየው፤ ውጤቱን የምወስነው እኔ እንደሆንኩ ገብቶታል። ድፍረቱም ብልሃቱም ትርጉም አጣ፤ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ማዳን ካለባችሁ በግልጽ፣ በታሪኩ ውስጥ አድኑ። ድራጎኑ ምርኮ ይፈልግ፣ ግብር ይጠይቅ፣ ጣሪያው ይናድና መውጫ ይከፈት። ውጊያውን ሳትጀምሩ «እነዚህ ልጆች ሳይሞቱ እንዴት ሊሸነፉ ይችላሉ?» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ መከለያውንም አነሳሁ። ከወራት በኋላ ሁሉም እያየ በጣልኩት ዳይስ የእሱ ፈረሰኛ ሞተ። ልጁ በጣም አዘነ፤ ቁጥሮቹን እንደገና ደመራቸው፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ የገጸ ባሕርይውን ወረቀት በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈና ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠው።