«ርካሽ» ማለት ያስቀይማል?

ወንድሜ፣ ባቲ ገበያ ላይ አንዲት እናትን «ጋቢዎ ርካሽ ነው» ብለህ ለምን እንደተቀየሙህ ጠይቀሃል። ክፋት እንዳላሰብክ ይገባኛል። ቃሉ ግን ሁለት ፊት አለው።

ስለ ዋጋ ሲወራ ነውር የለበትም። «ዘንድሮ ሽንኩርት ረከሰ»፣ «በርካሽ ገዛሁት» ይባላል፤ ማንም አይከፋም። ሥሩ ግን ከ«ርኩስ» ጋር አንድ ነው። በግዕዝ «ረኵሰ» ማለት ቆሸሸ፣ ጎደፈ ነው። ስለዚህ «ርካሽ ሰው» ሲባል የወረደው ዋጋ ሳይሆን ክብር ነው። «ርካሽ ተወዳጅነት» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ተቃራኒው «ውድ»ም እንዲሁ ነው፦ ዋጋው የማይቀመስም፣ የምንወደውም ውድ ይባላል።

እኚያ እናት ጥጡን ራሳቸው ፈትለውት ከሆነ፣ አንተ ዋጋውን ስታደንቅ እሳቸው የሰሙት የእጃቸው ሥራ ሲናቅ ነው። ያውም ሰኞ፣ ገበያው ጢም ብሎ፣ ሰው እየሰማ!

ሌላ ጊዜ «ዋጋው ጥሩ ነው፣ እናቴ» በላቸው። «ዋጋው ረከስ ያለ ነው» ብትልም ለዘብ ይላል፤ «ዋጋው» የሚለውን ብቻ አትዝለል። ስትከራከርም «ትንሽ ይቀንሱልኝ» እንጂ «ያርክሱልኝ» አትበል።