ክርክሩን ሳይሆን ፊርማውን ፍሩ

በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት ለመክፈት ለተነሳችሁ፣ እንዲሁም ሕግ ተምራችሁ ለእነርሱ ለምትከራከሩ ወጣቶች ይህን እጽፋለሁ። በጥብቅና ዘመኔ ከብዙ ወገኖቻችን ጋር በከተማው የአልኮል መጠጥ ፈቃድ ቦርድ ፊት ቀርቤአለሁ። ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ሰዎቻችን በቦርዱ ፊት የሚደረገውን ክርክር ፈርተው፣ ከተቃዋሚዎች ጋር በሚገቡት ስምምነት ላይ የሚያኖሩትን ፊርማ አለመፍራታቸው ነው።

የመጠጥ ፈቃድ ማመልከቻችሁ ሲገባ ማስታወቂያ በራችሁ ላይ ይለጠፋል፤ ለተቃውሞም የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። ነዋሪው የሚመርጠው የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን፣ አጥር የሚጋራችሁ ባለንብረት ወይም ቢያንስ አምስት ነዋሪዎች በአንድነት መቃወም ይችላሉ። የሚያነሱትም የሰፈሩን ሰላምና ጸጥታ፣ የመኪና ማቆሚያን፣ የእግረኛን ደኅንነት ወይም የቤት ዋጋን ነው። ቦታው ለሰፈሩ እንደሚስማማ የማስረዳት ሸክሙ በእናንተ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስም ለማስጠራት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ካልቀረባችሁ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል።

ቀጥሎ ግራ ቀኙ በአደራዳሪ ፊት ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በእኛ ልማድ ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው ነገሩ እንዲበርድ ሲል ብዙ ይተዋል፤ መልካም ልማድ ነው፣ እኔም ያደግሁበት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ነገር ግን ይጻፋል፤ ቦርዱ ሲያጸድቀውም ትእዛዝ ይሆናል። ገቢው በአርብና በቅዳሜ ሌሊት ላይ የቆመ ሰው «ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ አይኖርም» የሚል ወረቀት ለመገላገል ብሎ ሲፈርም አይቻለሁ። ስምምነቱ ፈቃዱ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይቀጥላል። ሌላው ወገን እሺ ካላለ ለማሻሻል አራት ዓመት መጠበቅ፣ ከዚያም በእድሳት ጊዜ በቂ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል።

ክርክሩ ደግሞ ለተዘጋጀ ሰው አያስፈራም። አንዲት ጎረቤት ማስታወሻዋን ገልጣ ባዶ ጠርሙስ በሌሊት ወደ ቆሻሻ ገንዳ የተገለበጠበትን ቀንና ሰዓት እየጠቀሰች ስትመሰክር ሰምቻለሁ። «እኛ ዘንድ ጩኸት የለም» ማለት ለእንዲህ ያለ ምስክርነት መልስ አይሆንም። ባለቤቱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር። ጠርሙስ ከንጋት በፊት እንዳይወጣ ለሠራተኞቹ የሰጠውን የጽሑፍ መመሪያና ድምፅ ማጉያው ከጋራው ግድግዳ መነሳቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አቀረበ። ጎረቤቲቱም በመስቀለኛ ጥያቄ ድምፁ መቀነሱን አመነች። መርማሪ ቤታችሁን አይቶ ለቦርዱ ሪፖርት ስለሚያቀርብ፣ እንዲህ ያለው ማስተካከያ ከችሎቱ ቀን አስቀድሞ ይሠራ።

ንግድ ቤቱ የወላጆቻችሁ ከሆነ በቦርዱ ፊት እናንተ አታስተርጉሙላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ስለሚያገለግል አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጅ የእናቱን ቃል ለማሳመር ሲል የሚጨምራት አንዲት ቃል መዝገብ ላይ ትሰፍራለች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የሚመረምረው ያንኑ መዝገብ ነው።

ነባር ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት የምትገዙ ደግሞ ቀብድ ሳትከፍሉ የቀድሞው ባለቤት የፈረመው ስምምነት ካለ ከቦርዱ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የመዝጊያ ሰዓቱን፣ የሙዚቃውንና የበረንዳውን አንቀጽ አንብቡ። ዋጋ መደራደር ያለባችሁ እነዚያን አንቀጾች ካያችሁ በኋላ ነው።