መልስ፦ ከአኽን ተነስቶ ድንበር ለድንበር

«ከጀርመኗ ከተማ ከአኽን ተነስቼ የጀርመንንና የቤልጂየምን ድንበር በሳይክልና በእግር ባየው ዳገቱ ይገድለኛል ወይ?» ላልከው፣ አይዞህ። ፌንባንን ያዝ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ አሁን የሳይክል መንገድ ሆኖ 125 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ሉክሰምበርግ ይሄዳል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ላንተም አይከብድህም።

የሚገርመው መሬቱ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐዲዱ ለቤልጂየም ተሰጠ። ስለዚህ ግራ ቀኝህ ጀርመን ሆኖ ጎማህ ቤልጂየም ላይ የሚሽከረከርበት ቦታ አለ። ኬላ የለ፣ ምን የለ። አጥርና ላም ብቻ።

ሞንሻው እደር። ከተማዋ ታች ወንዝ ዳር ናት፤ ያልከው ዳገት ጠዋት ስትወጣ እዚያ ይጠብቅሃል! በማግስቱ ሳይክሉን ቆልፈህ ወደ ሆሄ ፌን ረግረግ በእግር ግባ። ከሳንቃው መንገድ እንዳትወርድ። ጃኬትም ያዝ፣ በበጋም ይዘንባል።